ልገዛት ያሰብኳት ጀልባ የአውትድራይቭ ዘይት ማኪያቶ መስሏል፤ ልተዋት ወይስ ልግዛት?

የፖቶማክ ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ ሲሆን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ከጓደኞቼ ጋር ጀልባ እየተከራየን በፖቶማክ ወንዝ ላይ ስንዝናና ቆይተናል። ዘንድሮ የራሴን ለመግዛት ወስኜ አንዲት 18 ጫማ ርዝመት ያላት የ1998 ሞዴል ጀልባ አገኘሁ። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.3 ሊትር መርክሩዘር፣ አውትድራይቯ (ከጀልባዋ ኋላ በውጪ ያለው የማርሽና የፕሮፔለር ክፍል) ደግሞ አልፋ ዋን ጄን ቱ፣ ማለትም የአልፋ ሁለተኛ ትውልድ ነው። ባለቤቷ 6,800 ዶላር ጠይቆኛል። አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከፊል ጨዋማ በሆነ ውኃ ላይ ነው።

ሞተሩን አስነሥቼ ሰምቼዋለሁ፤ በድምፁ ላይ እንከን አላገኘሁም። ነገር ግን ባለቤቱን አስፈቅጄ ከአውትድራይቩ ግርጌ ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጥቂት ባላላው ጊዜ የወጣው ዘይት ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስል ነበር። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ወፈር ያለና አረፋ የያዘ ነው። ባለቤቱ ግን «የብሎኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አርጅቶ ነው፤ የሁለት ዶላር ዕቃ ስለሆነ ራስህ ትቀይረዋለህ» ብሎ አቃለለው። ከዚህ በተጨማሪ ከፕሮፔለሩ በታች ያለው ስኬግ የሚሉት ክንፍ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ተሰብሯል፤ በዙሪያውም ቀለሙ አብጦ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህ ነው። ውኃው በየት በኩል እንደገባ ምንም ነገር ሳልፈታ ማወቅ የምችልበት መንገድ አለ? ጥገናው የመኪና ፍሬንና የሞተር ዘይት ከመቀየር ያለፈ ልምድ ለሌለው እንደ እኔ ላለ ሰው የሚሞከር ነው? ዋጋውን ስከራከርስ በምን ላይ ልቁም?

ዳዶና ብሎን፦

ከሚኒሶታ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የመኪና ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ወደ ጀልባ ጥገና ገብቼ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። አነጋገሬ የጋራዥ ቢሆንብዎት ይታገሡኝ።

ዘይቱ ማኪያቶ መምሰሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውኃ ገብቷል። ማርሹ ተበልቷል ወይም ኩሽኔታው ሞቷል አይልም። የባለቤቱ አባባልም ሐሰት ነው ብዬ አልነሣም፤ የማፍሰሻውና የማስተንፈሻው ብሎኖች ማሸጊያ ቀለበት ብሎኖቹ በተፈቱ ቁጥር መቀየር ሲኖርበት ብዙ ሰው ያንኑ አሮጌውን ደግሞ ደጋግሞ ስለሚያስረው፣ በዚያ በኩል ውኃ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ስኬጉ ተሰብሯል ካሉኝ በኋላ ግምቴ ከብሎኑ ተነሥቶ ወደ ፕሮፔለሩ ዘንግ ሄዷል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ ስኬጉ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ፕሮፔለሩም አብሮ ይመታል፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ደግሞ በጥቂቱ እንኳ ከታጠፈ በዙሪያው ያለውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣና ውኃ እንዳይገባ የሚይዘውን የጎማ ማሸጊያ) በዞረ ቁጥር ወዲያና ወዲህ እየገፋ ያሰፋዋል።

ወደ ምርመራው ከመሄዳችን በፊት የሚፈትሹት ነገር ምን እንደሆነ ይወቁት። አውትድራይቭ ላይ ሞተሩ ከጀልባዋ ውስጥ ይቀመጥና ኃይሉ በክሮቼራ (በተጣጣፊ የዘንግ መገናኛ) አማካይነት በኋላ ግድግዳዋ በኩል ወጥቶ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ በላይኛው የማርሽ ቤት ወደ ታች፣ ሎወር ዩኒት በሚባለው በታችኛው የማርሽ ቤት ደግሞ ወደ ፕሮፔለሩ። የመኪና ዲፈረንሻል ፈትቶ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኞን የሚባል ትንሽ ማርሽ አለው፤ ፒኞኑ አንዱን ለፊት ሌላውን ለኋላ ጉዞ የሆኑ ሁለት ማርሾችን ሳያቋርጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራል፤ በሁለቱ መካከል በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የሚንሸራተት ጥርሳም ቀለበት ደግሞ ካንዱ ጋር ሲያያዝ ጀልባዋ ትሄዳለች። በቮልቮ ፔንታ እና በመርክሩዘር ብራቮ፣ ማለትም በሌሎቹ የአውትድራይቭ ዓይነቶች ላይ ይህ መቀያየር የሚከናወነው በላይኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ በአልፋ ላይ ግን ታች ነው። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበው ፖምፓም በብራቮ ላይ ከሞተሩ ጋር ሲሆን በአልፋ ላይ ከሎወር ዩኒቱ አናት ላይ ተቀምጧል። እናም የእርስዎ ሎወር ዩኒት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጓዝ ተሸክሟል፤ ውኃ የሚገባበትም ቀዳዳ እንዲሁ በዛ ያለ ነው።

ውኃ የሚገባው አንድም በፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሪያ ባሉት ሁለት ሲሎች ነው፤ አንድም ከውኃው ፖምፓ ሥር ባሉት ቀጥ ያለው ዘንግ በሚያልፍባቸው ሲሎች፤ አንድም የማርሽ መቀየሪያው ቀጭን ዘንግ በሚገባበት በኩል፤ አለዚያም በብሎኖቹ። የላይኛውና የታችኛው ክፍል ዘይት አንድ ስለሆነ፣ ከላይ የክሮቼራው ጫፍ የሚገባበት ሲል ወይም በሁለቱ ክፍሎች መገናኛ ላይ ያለው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ቢበላሽም ምልክቱን የሚያዩት ያው ከታች ነው። አኮርዲዮን የሚመስለው የክሮቼራው ጎማ ሲቀደድ ግን ውኃው የሚገባው ወደ ጀልባዋ እንጂ ወደ ዘይቱ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ በሽታ ነውና አያምታቱት፤ ሳይመረምሩት ግን አይለፉት፤ ጀልባ የሚያሰጥመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ምንም ሳይፈቱ ማወቅ የሚቻለው ብዙ ነው።

ጀልባዋ አውትድራይቩ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቢያንስ አንድ ሌሊት ትቁም። ጠዋት ፕሮፔለሩን ሳያዞሩ የማፍሰሻውን ብሎን ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ያላሉትና ከሥሩ ንጹሕ ብርጭቆ ይደቅኑ። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ከዘይቱ ጋር ያልተዋሐደ ውኃ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ጠብታ ብቻ ከሆነና የቀረው ዘይት ብዙም ካልነጣ መግቢያው ጠባብ ነው ወይም በቅርቡ የጀመረ ነው፤ አንድ ሲኒ ሙሉ ጥርት ያለ ውኃ ቀድሞ ከወረደ ግን ነገሩ የሰነበተ ነው። ነጭነቱ ከውኃ መሆኑን ከተጠራጠሩ አንድ ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ያድርጉ፤ ውኃ ያለበት ዘይት ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውኃ ይንጫጫል፣ ንጹሕ ዘይት ጭሶ ዝም ይላል።

ቀጥሎ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ጫፉ ላይ ያለውን ማግኔት ይመልከቱ። ግራጫ ጭቃ የመሰለ፣ በጣት ሲያሹት ምንም የማይሻክር ከሆነ የዓመታት የተለመደ መበላት ነው። ጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ ብረት ወይም የመርፌ ስባሪ የመሰለ ነገር ካገኙ ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯልና ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ጀልባዋን የሚገዙት ሎወር ዩኒት እንደሌላት ቆጥረው ነው። ሽታውንም አይርሱ፤ የተቃጠለ ዘይት የሚያሸት ከሆነ ዘይት አንሶት ሲሠራ ቆይቷል።

ከዚያ ፕሮፔለሩን ያውጡት። ከበስተኋላው ባለው ወፍራም ቀለበትና በዘንጉ መካከል የዓሣ መንጠቆ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ናይለኑ በሙቀት ቀልጦ ዘንጉ ላይ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ዓይን ያሳስታል፣ በጥፍር መፋቅ ያስፈልጋል። የሲል ቀንደኛ ጠላት እሱ ነው። በመቀጠል አንድ ሽቦ በቤቱ ላይ አስረው ጫፉን ወደ ዘንጉ ጫፍ ሊነካ እስኪቃረብ አስጠግተው ዘንጉን በዝግታ ያዙሩ። ክፍተቱ በሁሉም ዙር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በአንድ በኩል ጠብቦ በሌላው የሚሰፋ ከሆነ ዘንጉ ታጥፏል። በትክክለኛ መለኪያ ሲለካ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወላገድን ዘንግ እኔ መልሼ አልገጥምም።

ዋናው ግን የግፊት ምርመራው ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ በአንዱ ብሎን ቀዳዳ ላይ ይገጠማል፣ ሌላው ይዘጋል። ጄን ቱ ከሞተሩ ክፍል የዘይት ጠርሙስ ጋር በቱቦ ስለሚገናኝ የቱቦው መንገድም መዘጋት አለበት፤ ይህን ረስቶ በደህና ሲል ላይ የፈረደ ሰው አውቃለሁ። መጀመሪያ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ይስጡት፤ አንዳንድ ሲል በከፍተኛ ግፊት ተለጥጦ ይዘጋና በዝቅተኛው ያስተነፍሳልና ነው። ከዚያ ወደ 15 ያድርሱት፣ ከ18 ግን አያሳልፉት። ዘንጉን በእጅ እያዞሩ፣ ማርሹን እያስገቡና እያወጡ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ መርፌው ከወረደ የሳሙና ውኃ በየመገናኛው ይርጩና አረፋው የሚነሣበትን ይመልከቱ። ለማስተንፈሻው ማሸጊያና ለዘንጉ ሲል ሁለት ዶክተር አያስፈልግም፤ አረፋው ራሱ ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አለ። የፕሮፔለሩ ዘንግ ሁለት ሲሎች ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ናቸው፤ የውስጠኛው ከንፈር ዘይት እንዳይወጣ፣ የውጪኛው ከንፈር ውኃ እንዳይገባ ይጠብቃል። በአየር ግፊት የተፈተነው የውስጠኛው ነው። ውኃ የሚያስገባው የውጪኛው ሆኖ የግፊቱን ምርመራ በሰላም ሊያልፍ ስለሚችል፣ በዚያው ቀዳዳ በመምጠጫ ፖምፓ የተገላቢጦሽ ምርመራም ይደረግለት። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ካላለፈ ምን እንደሚጠግኑ አውቀዋል፤ ሁለቱንም ካለፈ የባለቤቱን የሁለት ዶላር ጓርኒሲዮን ማመን ይጀምራሉ።

ቀለሙ አብጦ ነጭ ዱቄት ያሉት አሉሚኒየሙ መበላት መጀመሩ ነው። ያን አካባቢ በሽቦ ብሩሽ ይፍቁትና ጉድጓዱን ይለኩት። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ትሪም ታብ የሚሉትን ትንሽ ክንፍ እና ሌሎቹን አኖዶችም ይመልከቱ፤ ብረቱ ሳይበላ እንዲበሉ የተቀመጡ መሥዋዕቶች ስለሆኑ ግማሽ ተበልተው ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የሃያ ምናምን ዓመት ጀልባ ላይ ምንም ያልተነካ አኖድ ካዩ ወይ ትናንት ተቀይሯል፣ ወይ ከብረቱ ጋር በትክክል አልተገናኘም፣ አለዚያም ሞኝ ቀለም ቀብቶታል። ለቼሳፒክ ዓይነት ውኃ የሚመረጠው የአሉሚኒየም አኖድ ነው፤ እኛ እዚህ በጨው አልባ ሐይቅ የምንገጥመውን የማግኒዚየም አኖድ እዚያ ቢገጥሙት በጥቂት ጊዜ ይሟሟል።

የጣናው፦

ሰላም ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልዎ። እኛ ዘንድ አውትድራይቭ አይታወቅም፤ ጣና ላይ የሚሠራው በጀልባዋ ኋላ የሚንጠለጠለው አውትቦርድ ሞተር ነው፣ እኔም ወደ ዘጌ ጎብኚ የማመላልስበት ያማሃ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ሆኖም የታችኛው ማርሽ ቤት ጠባዩ አንድ ነው፤ ዳዶና ብሎን የዘረዘሩትን ሳነብ የራሴን ሞተር የሚያወሩ መስሎኛል።

ስለ ክሩ የተናገሩትን እኔ ልመስክር። ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ቀጭን የናይለን መረብ ሲሆን፣ የተቀደደው ቁራጭ በውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ይቆይና ፕሮፔለሩ ይጎትተዋል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ መረቡና አረሙ አብረው ይጠመጠማሉ፤ አሽከርካሪው አረሙን በእጁ ነቅሎ ሲጥል የጨረሰ ይመስለዋል፣ ክሩ ግን ከውስጥ ቀርቷል። እኔ በዚህ ስሕተት አንድ የክረምት ወራት ሙሉ ውኃ የገባበት ዘይት ይዤ ሠርቻለሁ። በኋላ ፕሮፔለሩን ሳወጣ ክሩ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ጥንግ ድርብ ተደራርቦ፣ የሲሉን ከንፈር በጉጠት እንደተነቀለ አድርጎ ገልብጦት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ፕሮፔለሩን አውጥቼ አያለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ጥንቃቄ ሲሉን በተመለከተ ነው። እዚህ ዋናው የፋብሪካ ዕቃ በቀላሉ ስለማይገኝ በላዩ የተጻፈውን ልክ ይዘን፣ ውስጡን፣ ውጪውንና ውፍረቱን ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ልከን ለመኪና የተሠራውን እናስመጣለን። ልኩ ይገጥማል። ነገር ግን ከንፈሩን አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ስፕሪንግ ተራ ብረት ከሆነ በውኃ ውስጥ በጥቂት ወራት ዝጎ ይበጠሳል፣ ሲሉም ይላላል። እርስዎ ያሉበት አገር ዕቃው በሽ ነውና ስፕሪንጉ የማይዝግ ብረት የሆነውን የጀልባ ሲል ይግዙ፤ በጥቂት ብር ልዩነት አይሸወዱ።

የዋሽንግተን ሐይቅ፦

እኔ ደግሞ ከሲያትል ነኝ፣ ሐሳቤም ከሁለቱም ይለያል። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ አልፋ ውኃ ገብቶበት ከተገኘ ሲል ቀያይሮ መቀጠል ገንዘብንም ጊዜንም ማባከን ነው ባይ ነኝ። ከዋናው ፋብሪካ ውጪ የሚመረቱ፣ ሙሉ በሙሉ የተገጣጠሙ አዳዲስ ሎወር ዩኒቶች ዋስትና ይዘው ይሸጣሉ። አሮጌውን አውልቆ አዲሱን መስቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው። እኔ እንዲሁ አድርጌ ሦስት ክረምትና ሦስት በጋ ያለ አንዳች ችግር ተጠቅሜያለሁ። ጠያቂው ለባለቤቱ የአዲስ ሎወር ዩኒት ዋጋ ከጀልባዋ ላይ እንዲቀንስ ይንገሩትና እንቢ ካለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፤ አዲስ ሲያዝዙ የማርሹ ምጣኔ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ከነበረው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በጄን ቱ ላይ ባለ 3.0 ሊትሩ ሞተር 1.94፣ 4.3ቱ 1.81፣ ቪ8ቶቹ ደግሞ 1.62 ወይም 1.47 ይዘው ነው የሚመጡት።

ዳዶና ብሎን፦

ለዋሽንግተን ሐይቅ፦ ምጣኔውን ማንሣትዎ ትክክል ነው፤ እኔ ማለት ረስቼው ነበር። ምጣኔው እንደ ሞተሩ ስለሚለያይ፣ ከሌላ ጀልባ የተነቀለ ሎወር ዩኒት በርካሽ ሲገኝ የሚጠፋው ገንዘብ በዚያ በኩል ነው። በዋናው ሐሳብዎ ግን አልስማማም። ጥርሶቹ ደኅና ሆነው ሲል ብቻ ለተበላሸበት ማርሽ ቤት አዲስ መግዛት፣ ጎማ ለፈነዳበት መኪና ሞተር እንደመቀየር ነው። አዲስ የሚገዛው ጥርሶቹ ላይ ዝገት ጉድጓድ ሲቆፍር ነው፤ ያኔ እኔም ልገነባው አልሞክርም። ፒኞኑና ሁለቱ ማርሾች በሽም (በስስ የማስተካከያ ላሜራ) እየተለኩ፣ ከፍታቸውና ክፍተታቸው በልዩ መሣሪያ እየታየ የሚገጠሙ ስለሆኑ በግምት የተገጠመ ማርሽ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይሰበራል።

ለጠያቂው፦ መስመሩ እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። ሲል፣ ኦሪንግ፣ የውኃ ፖምፓውን ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ጎማ) መቀየር ትዕግሥት ላለው ሰው ይሞከራል፤ ፒኞን መንካት አይሞከርም።

ከገዟት ደግሞ ለፈቺ የሚሆን ጥቂት ነገር ልንገርዎ። አልፋን ሙሉውን ከጀልባዋ ሲነቅሉ ማርሹ የፊት ላይ መግባት አለበት፤ አለበለዚያ የማርሽ መቀየሪያው ተያይዞ አይለቅም። የሚይዙት ስድስት ዳዶዎች ናቸው፤ ሲመለሱ በ68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ሎወር ዩኒቱን ብቻ የሚያወርዱ ከሆነ ግን ትሪም ታቡ የቆመበትን አንግል በእርሳስ ምልክት አድርገው ያውጡት፤ ከሥሩ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ብሎን ተደብቆ ይጠብቅዎታል። በውጪ የሚታዩትን ፈትቶ «አልወርድ አለኝ» እያለ በካቻቢቴ ሲፈለቅቅ ቤቱን የሰነጠቀ ሰው ሥራውን ይዞልኝ የመጣው አንድ ጊዜ አይደለም።

የፕሮፔለሩን ዘንግ ተሸካሚ የሚይዘው ትልቁ ቀለበት ላይ «አውጣ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍና ቀስት አለበት፤ በዚያ አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ አስቀድሞ ግን የታጠፈችውን የመቆለፊያ ላሜራ ምላስ ቀጥ ያድርጓት። የቼሳፒክ ጨው ነክሶት እንቢ ካለ በእሳት ከመታገል ቀለበቱን በመሰርሰሪያ ቀድዶ ማውጣት ይሻላል፣ መመሪያውም የሚለው እንዲሁ ነው፤ ቀለበት ይተካል፣ የቤቱ ጥርስ ከተላጠ ግን አይተካም።

የፖቶማክ ዳር፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፤ ይቅርታ። የጻፋችሁልኝን አትሜ ይዤ ሄጄ ባለቤቱን አሳየሁት። ሌሊቱን ጀልባዋ ቆማ አድራ ጠዋት ብሎኑን ሳላላ መጀመሪያ የወረደው የሲኒ ግማሽ የማይሞላ ጥርት ያለ ውኃ ነበር፤ ከዚያ ማኪያቶው ተከተለ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ብቻ ነበር፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠርጌ በእጅ ባትሪ ባየው አንዲት ስባሪ አላገኘሁም። ፕሮፔለሩን ባወጣሁ ጊዜ ግን ባለቤቱ ራሱ ሳቀ፤ ክሩ ከዘንጉ ጋር ቀልጦ አረንጓዴ የፕላስቲክ ቀለበት ሆኖ ነበር። የጣናው ወንድሜ የጻፉልኝ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

በአካባቢዬ ያለ መካኒክ በክፍያ መጥቶ የግፊቱን ምርመራ አደረገ። በ15 ፒኤስአይ ስምንት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ ዘንጉን ሲያዞር ጥቂት ብቻ ወረደ፣ አረፋም በጭንቅ ነበር የታየው። በመምጠጫው ግን መርፌው ወዲያው ወደቀ። ዳዶና ብሎን ስለ ሁለቱ ከንፈሮች ባያስረዱኝ ኖሮ «ለጥቂት ነው ያላለፈው» ብዬ እረካ ነበር። ዘንጉ አልታጠፈም። በዚህ ላይ ቆሜ ተከራክሬ በ5,900 ዶላር ተስማማን፤ ጀልባዋ አሁን ግቢዬ ውስጥ ናት።

ጥገናውን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሁለት ቅዳሜ ሠራን። ቀለበቱ በመጎተቻ ብዙ ታግሎን በመጨረሻ ሳይቀደድ ወጣ። የወጣውን ዕቃ ሁሉ በካርቶን ላይ በቅደም ተከተል ደርድረን ፎቶ አነሣን። ሲሉ የሚቀመጥበት የዘንጉ ገጽ ላይ ግን ቀጭን ቀለበታማ ጭረት አገኘን፤ በጥፍሬ ስሄድበት በትንሹ ይይዘኛል። ከውኃው ፖምፓም ኢምፔለሩን ስናወጣ ከስድስቱ ክንፎች አንደኛው ጎድሎ ነበር። ሲሎቹን፣ ኦሪንጎቹንና ኢምፔለሩን ቀይረን ከመግጠማችን በፊት የምጠይቀው ስለዚህ ጭረት ነው፤ ዘንጉን መቀየር ግድ ይላል? የጎደለው የጎማ ክንፍስ የት ደርሶ ይሆን?

ዳዶና ብሎን፦

እንኳን ደስ አለዎት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት አዲሱንም ሲል ስለሚበላ እንዲሁ አይለፉት፤ ዘንግ መቀየር ግን ግድ አይደለም። በዘንጉ ልክ የሚሸጥ ቀጭን የማይዝግ ብረት እጀታ በጭረቱ ላይ ይገፋና ሲሉ በእሱ ላይ ይሽከረከራል፤ ውፍረቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ የሲሉ ልክ አይቀየርም። በሁለቱ ሲሎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ውኃ በማይበግረው ግራሶ ይሙሉት፣ ደረቅ ሲል በመጀመሪያው ደቂቃ ይቃጠላል። ትልቁን ቀለበት በ285 ኒውተን ሜትር ካጠበቁ በኋላ የላሜራዋን ምላስ ያጥፏት።

የጎደለው ክንፍ ውኃው ወደሚሄድበት ሄዷል። ከፖምፓው ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ እየፈቱ በየማጠፊያው ይፈልጉት፤ ካልወጣ አንድ ቀን ተንቀሳቅሶ ቴርሞስታቱ ቤት ደጃፍ ላይ ይዘጋና ሞተሩን ያፈላዋል። ለወደፊቱም በግቢ ሲያስነሡ የውኃ ቱቦውን በሁለቱ የጎን መሳቢያዎች ላይ ሳይገጥሙ ቁልፉን አይንኩ፤ ኢምፔለር ያለ ውኃ ሲዞር ለመቀደድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ዘይት ሲሞሉ ከታች በማፍሰሻው ቀዳዳ በፖምፓ እየገፉ በላይኛው የማስተንፈሻ ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ነው፤ ከላይ ካፈሰሱበት ከውስጥ አየር ይታመቃል። ከነጠርሙሱ ወደ 1.9 ሊትር ይወስዳል። የመኪና ዲፈረንሻል ዘይት እንዳያስገቡ፣ ለጀልባ የተሠራው ትንሽ ውኃ ቢገባበት እንኳ ጥርሱን እንዲጠብቅ ሆኖ የተቀመመ ነው። የሁለቱም ብሎኖች ማሸጊያ ቀለበት አዲስ ይሁን።

የፖቶማክ ዳር፦

እጀታውን ገጥመን፣ የጎማውን ክንፍም ልክ እንዳሉት ቱቦው ማጠፊያ ላይ አግኝተን ጨርሰናል። ከገጠምን በኋላ ግፊቱም መምጠጡም ሩብ ሰዓት ሙሉ ፈቀቅ አላለም። ባለፈው እሑድ ሁለት ሰዓት ያህል በወንዙ ላይ ነድቻት፣ ሌሊቱን አሳድሬ ጠዋት ብሎኑን ባላላ ውኃ አልወጣም። ዘይቱ ግን አዲስ እንዳስገባሁት ሳይሆን በስሱ ደመና የጋረደው ይመስላል። ሥራው ከሽፎ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዳዶና ብሎን፦

ይተኙ። በላይኛው ማርሽ ቤት ግድግዳና በቱቦው ውስጥ ተለጥፎ የቀረው የድሮው ማኪያቶ ከአዲሱ ጋር ተዋሕዶ ነው። አምስትና ስድስት ሰዓት ያህል ይንዱባትና አንድ ጊዜ ደግመው ይቀይሩት፤ ሁለተኛው ጥርት ብሎ ከቆየ አብቅቷል። ቀጣዩን ደግሞ ለፀደይ ሳያስተላልፉ በመከር፣ ብርዱ ሳይገባ ያድርጉት። ሚኒሶታ ውስጥ በየሚያዝያው የሚመጣልኝ የተሰነጠቀ ማርሽ ቤት ሁሉ በጥቅምት ያልተፈታ ብሎን ውጤት ነው፤ ከታች የቀረ አንድ ሲኒ ውኃ በረዶ ሲሆን አሉሚኒየሙን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል።

የጣናው፦

ወንድሜ፣ ያንን የቀለጠ አረንጓዴ ክር አልጣሉት እንደሆነ ፎቶውን ይለጥፉልን፤ እዚህ ላሉት ልጆች ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የእጀታውንም ልክ ከነውስጥ ዲያሜትሩ ቢጽፉልኝ ለእኔ ሞተር የሚሆን ይኖር እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የእኔም ዘንግ ጥፍር ይዟል።